አርባ አንደኛዋ ብልቃጥ

መስከረም 12 ቀን

ለአክስቴ ልጅ፣ ለወንድምዓለም፣

እንደምን ከርመሃል? ከሁሉ በፊት ስለ ጎረቤታችን ስለ ልብስ ሰፊዋ ልንገርህ፤ ሁልጊዜ በመጨረሻ ስለምትጠይቀኝ ዘንድሮ ቀደምኩህ። ጉልበታቸው እንደገና አብጧል። የስፌት መኪናውን በእግር መርገጥ አቅቷቸው በእጃቸው እያዞሩ ይሰፋሉ፤ አንድ ቀሚስ ሳምንት ይፈጅባቸዋል። ሐኪሙ ጨው ቀንሱ ቢላቸው፣ “ከዚህ ዓለም የቀረኝ እሱ ነው፣ እሱንም ልትወስድብኝ ነው?” አሉት። ትልቋ ልጃቸው መንታ ወለደች፤ አንዱ ሲያለቅስ ሌላው እንዳይቀርበት ያለቅሳል አሉ። ትንሹ ልጃቸው አሁንም አይደውልም። እሳቸው ግን በየቀኑ ስልኩን ይወለውላሉ።

እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ለአንተም ጤናውን ያብዛልህ፤ ባለህበት ሰው አያሳጣህ። ለምን አትደውዪም ትለኛለህ። ስልክ ላይ እንደምን ነህ፣ እንደምን ነሽ ስንባባል ያልቅና ዋናው ነገር ጉሮሮዬ ላይ ይቀራል። የሚቀናኝ በወረቀት ነው።

የላቦራቶሪው ሥራ እንደምታውቀው ነው። ዱቄቱን በውሃ አፈላለሁ፣ የሥጋ መረቁን እጨምራለሁ፣ ትልቁ የእንፋሎት ድስት ውስጥ ከትቼ ሳወጣው በየሳህኑ አፍስሼ እስኪረጋ እጠብቃለሁ። ሰው ሁሉ እስካሁን “ቀላቢዋ” ነው የሚለኝ፤ ስሜን የሚያውቀው የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ነው። አይከፋኝም። ጀርም ያቀረቡለትን ይበላል እንጂ አፉን አያጣምም።

አሁን ግን አንድ ነገር ገጥሞኝ ነው የምጽፍልህ። አዲስ ኃላፊ መጥታልናለች። ወጣት ናት፣ ትሑት ናት፣ ስታልፍ ጎንበስ ብላ ሰላም ትላለች። ክፉ ብትሆን ይሻለኝ ነበር፤ ክፉ ሰው ይሰደባል። አሮጌው ፍሪጅ ውስጥ ካሉት ብልቃጦች መዝገብ ላይ የሌለው፣ ለምን እንደሚያስፈልግ የማይታወቀው ሁሉ እስከ ጥር መጨረሻ የእንፋሎት ድስቱ ውስጥ ገብቶ ይሙት ብላለች። በሽታ ያለ ስም ፍሪጅ ውስጥ አይቀመጥም አለች። ልክ ናት። ግን አርባ አንደኛዋም አብራ ልትሄድብኝ ነው።

አንተ ታውቃታለህ፤ ለኃላፊዋ ማስረዳት ካስፈለገህ ብዬ ነው ደግሜ የምጽፈው። ፌንጣ የምንላት ልጄ በሰባት ዓመቷ በታይፎይድ የሞተች ጊዜ የላቦራቶሪው ዶክተር ከደሟ ያበቀሉት ጀርም ነው። ቁጥር አርባ አንድ ብለው ብልቃጥ ውስጥ አስቀመጡት፤ አዲስ የፈላ የጀርም ምግብ ሁሉ መልካም መሆኑን የሚፈትኑት እሱን ዘርተው ነበር። አንተ እዚህ ሥራ ያስገባኸኝ እሷ በሞተች በሦስተኛው ወር ነው፤ ፈጣሪ ውለታህን ይክፈልልኝ። ዶክተሩ ጀርም የሚሻገርበትን ሽቦ አያያዝ ሲያስተምሩኝ ምን እንደያዝኩ አልነገሩኝም። በኋላ ከመዝገቡ አነበብኩት። ከዚያ ወዲህ ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ከአሮጌው ብልቃጥ ወደ አዲሱ አሻግራታለሁ። አሥራ ስድስት ዓመት ሆነኝ። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሰውዬ አንድ ጊዜ፣ “የገደላትን ነው እኮ የምትቀልቢው” አለኝ። ይሁን። ከእሷ ሰውነት ወጥቶ ዛሬም በሕይወት ያለ ሌላ ምን አለኝ?

ዶክተሩ ሞተዋል። መዝገቡን የጣሪያ ፍሳሽ በልቶታል። ያኔ እዚህ የነበረ፣ ዛሬ በሕይወት ያለ ሰው አንተ ብቻ ነህ። ደግሞ ትልቅ ባለሙያ ሆነሃል። ሁለት መስመር ጻፍልኝ፤ አርባ አንደኛዋ ለሥራ ታስፈልጋለች በል። አሁን ብታያት ትወዳታለህ። ቢጫ ሆና አምሮባታል፣ ልክ እንደ እንቁላል አስኳል።

እህትህ ቀላቢዋ


ጥቅምት 9 ቀን

ለእታለም፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ፤ ጤና ይስጥሽ፣ ጉልበትሽን ያጽናልሽ። መንትዮቹን ሳሚልኝ። ልብስ ሰፊዋ ጉልበታቸውን በሙቅ ውሃ በተነከረ ጨርቅ ይያዙት በያቸው።

ስለ እኔ ሥራ ጠይቀሽኝ አታውቂም፤ ዛሬ ሳትጠይቂኝ ልንገርሽ። የምሠራበት ክፍል ሁለት በር አለው። የመጀመሪያው ካልተዘጋ ሁለተኛው አይከፈትም። በመሀሉ ቆሜ ልብስ በልብስ፣ ጓንት በጓንት እደርባለሁ። ውስጥ ስገባ ሳህኖቹን የሚያነሳው የብረት ክንድ ነው። ከጀርሙ አንዲት ነጥብ ቀብቼ ለማሽኑ ስሰጠው፣ ሻይ እስኪቀዘቅዝ እንኳ ሳይቆይ ስሙን ጽፎ ያወጣል። ዶክተሩ ሳህን ከደን ከፈት አድርገው በሩቁ አሽትተው ስም ሲጠሩ ታስታውሺያለሽ? እዚህ ማሽተት ክልክል ነው። ትናንት ቀኑን ሙሉ ማሽኑ ብቻ ነው ያናገረኝ፤ እሱም “ናሙና አስገባ” ነው ያለኝ።

ድስቱ እጅሽን እንዳያቃጥልሽ ሙቀት የሚከላከል ጓንት ልኬልሻለሁ። እስከ ክርን ይደርሳል።

የኃላፊዋን ነገር አስብበታለሁ። አንድ ነገር ብቻ ጻፊልኝ። ቢጫ የሆነችው መቼ ነው?

ወንድምሽ


ጥቅምት 27 ቀን

ለወንድምዓለም፣

ጤናህ እንዴት ነው? ጓንቱ ገና አልደረሰም፤ እስኪደርስ በፎጣዬ እየያዝኩ ነው። ልብስ ሰፊዋ ምክርህን ሞክረው፣ “ጉልበቴ ተቀቀለ እንጂ አልዳነም በይልኝ” ብለውሃል። ሲስቁ ግን ነበር፤ ሰው ስላሰበላቸው ደስ ብሏቸዋል።

ስለ ክፍልህ የጻፍከውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሰው ለማይገባበት ክፍል ሁለት በር ምን ያደርጋል? እኔ ቢያንስ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሰውዬ እየመጣ ይነዘንዘኛል። ማታ ቤቴ ስገባ ግን እንደ አንተው ነኝ። ሁለት አልጋ አለ፤ አንዱን በየሳምንቱ አንሶላ እቀይርለታለሁ።

ቢጫ የሆነችው መቼ ነው ላልከኝ፣ ቀኑን አልረሳውም። ዶክተሩ በሞቱ በዓመቱ፣ ፌንጣ አሥራ አምስት ዓመት የሚሞላት ቀን ነው። ሁሉም ለምሳ ወጥተው ብቻዬን ነበርኩ። መብራቱን ለኮስኩ፣ ሽቦውን አጋልኩ፣ የጥጥ ክዳኗን ነቀልኩ። ዶክተሩ ክዳን ተከፍቶ ወሬ የለም ይሉን አልነበር? እኔ ያን ቀን አወራኋት። ጥጡን መዳፌ ውስጥ ጨብጬ አብረዋት ይጫወቱ ስለነበሩት ልጆች ነገርኳት፤ ማን ስምንተኛ ክፍልን እንዳለፈ፣ ማን እንደታጨች፣ የማን ድምፅ እንደጎረነነ። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም፤ ሽቦው ቀዝቅዞብኝ እንደገና አግያለሁ። ከሦስት ቀን በኋላ ሳያት አንዲት ቢጫ ነጥብ አውጥታለች። ሳሻግራት ያቺን ያማረችዋን ነካሁና በሚቀጥለው ወር ሙሉ በሙሉ ቢጫ ሆነች። ልጃገረድ ሆና ማጌጥ ጀመረች ብዬ ሳቅሁ። ብቻዬን ስለነበርኩ ሳቄን የሰማው የለም፤ ይኸው ለአንተ ነገርኩህ።

አሁን ምግቡን የሚፈትኑት ተገዝቶ በሚመጣ ጀርም ስለሆነ እሷን የሚነካት ከእኔ በቀር የለም። ለምን ጠየቅኸኝ? መቼም ክፉ ነገር ቢሆን ትነግረኝ ነበር።

ደብዳቤውን አትርሳ። ሥራ ያስገባኸኝ አንተ ነህ፤ አሁንም አታሳፍረኝም። ፈጣሪ እንደ አንተ ያለ ዘመድ ለሁሉ ይስጥ።

እህትህ


ኅዳር 24 ቀን

ለእታለም፣

በመዘግየቴ ይቅርታ። ሥራ በዝቶብኝ ነው። ጓንቱ ደረሰሽ? ልክሽ ሆነ? ለኃላፊዋ የሚሆነውን እየጻፍኩ ነው፤ አሳምሬ ልጽፈው ብዬ ነው የቆየው።

እባክሽ ሥራ ስላስገባሁሽ አታመስግኚኝ።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 11 ቀን

ለወንድምዓለም፣

እንደምን ነህ? ጓንቱ ደረሰኝ፣ ልኬ ነው፣ ተባረክ። ግን እኔ የጠየቅሁህ ጓንት አይደለም።

ኃላፊዋ ከላይኛው መደርደሪያ ጀምራለች። በየሳምንቱ አምስት አምስት ብልቃጥ ታነሳለች፤ ሃያ ደርሳለች። ቅርጫቱን ተሸክሜ ድስቱ ውስጥ የምከተው እኔ ነኝ። ክዳኑን ስጠመዝዝ፣ አርባ አንድ ሲደርስ እንዴት እንደምጠመዝዘው አስባለሁ።

አንተ እንዲህ አልነበርክም። እዚያ ሰው ሲከርም ልቡም ሁለት በር ያበጃል እንዴ? ለራሴ ልብስ ላክልኝ፣ መድኃኒት ላክልኝ ብዬህ አላውቅም። የጠየቅሁህ ሁለት መስመር ነው። አልጽፍም ካልክ አልጽፍም በለኝ፤ ልወቀው። ትናንት ተናድጄ ድስት ስወረውር የሚደነግጥ ሰው እንኳ ቤቴ ውስጥ አልነበረም፤ ራሴው ደንግጬ ራሴው አነሳሁት።

ልብስ ሰፊዋ ደህና ናቸው። ሰላም ብለውሃል።

እህትህ


ታኅሣሥ 25 ቀን

እታለም፣

ለኃላፊዋ ሦስት ጊዜ ጻፍኩ። በሦስተኛው ላይ አርባ አንደኛዋ ለሥራ እጅግ ታስፈልጋለች ብዬ ማኅተም ሁሉ አስመታሁበት። ፖስታ ቤቱ በር ላይ ደርሼ ተመለስኩ። ኃላፊዋ ሥራዋን የምታውቅ ከሆነች አንብባ ብቻ አታምንም። ከብልቃጧ ትንሽ ነክታ መስታወት ላይ ትቀባለች፣ ቀለም ታፈስበታለች፣ በማይክሮስኮፕ ታያለች። ጥቂት ደቂቃ ነው የሚፈጅባት። ከዚያ ሰው ሁሉ በቆመበት ትነግርሻለች። ከእሷ ከምትሰሚው ከእኔ ስሚው።

የታይፎይድ ጀርም ቢጫ አይሆንም። ቢጫዋ የፌንጣ አይደለችም። በሰው ሁሉ ቆዳ ላይ የሚኖር፣ ማንንም የማይጎዳ ጀርም ነው። ጥጡን ስትጨብጪ ከመዳፍሽ የገባ ነው። ያማረውን መርጠሽ ስታሻግሪ የፌንጣው ቀረ። ስምንት ዓመት የቀለብሽው የራስሽን ነው። እንደ እንቁላል አስኳል ብለሽ የጻፍሽልኝ ጊዜ ነው ያወቅሁት። መቼ እንደሆነ የጠየቅሁሽ፣ ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ነው።

እዚህ ላይ ላቆም ፈልጌ ነበር። ግን ደብዳቤሽን ለሁለት ወር ያስያዘኝ ይህ አይደለም።

ፌንጣ ስትታመም እኔ ሥራ ከያዝኩ ሁለት ወር ሆኖኝ ነበር፤ ገና በሙከራ ላይ ነበርኩ። ደሟን የቀዳሁት እኔ ነኝ። ክንዷን በላስቲክ አሰርኩ። እሷም አይታኝ፣ “አጎቴ፣ አያምም አይደል?” አለችኝ። ደሙን መረቁ ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ሳስገባ የጠርሙሱን አፍ በእሳት ማሳለፍ ረሳሁ። በማግስቱ ጠርሙሱ ደፈረሰ፤ ጀርም በቅሎበታል። የእጄ ቆሻሻ ገብቶበት ነው ብዬ አሰብኩ። ማይክሮስኮፕ ሥር አላየሁትም፤ ማየት ማለት ለዶክተሩ መናገር ማለት ነበር። አፉን በእሳት አላሳለፍኩም ብዬ ከምናገር ጠርሙሱን ማንም ሳያየኝ ድስቱ ውስጥ ከተትኩት። ደሙ አልበቃም ብዬ እንደገና ቀዳኋት።

ሁለተኛውን አፉን በእሳት አሳለፍኩ፣ ምንም አልረሳሁም። እሱም ልክ እንደ መጀመሪያው ደፈረሰ። ልክ እንደ መጀመሪያው፣ እታለም። መጀመሪያ የጣልኩትም የእጄ ቆሻሻ አልነበረም፤ ታይፎይዱ ነበር። በመሀል ሦስት ቀን ሄዷል። በእነዚያ ሦስት ቀናት የሚሰጣት የወባ መድኃኒት ነበር፤ ዶክተሩ የእኛን ውጤት እየጠበቁ ነበር። አርባ አንደኛዋ የወጣችው ከሁለተኛው ጠርሙስ ነው።

ሦስቱ ቀን ያድናት ነበር ወይ ብትዪኝ አላውቅም። ስንት ዓመት መጽሐፍ አገላብጫለሁ፤ የሚነግረኝ አላገኘሁም። ሥራ ያስገባሁሽ ደግነት ኖሮኝ አይደለም። በየቀኑ እያየሁሽ አንድ ቀን እነግራታለሁ ብዬ ነበር። አንድ ዓመት አየሁሽና አገር ጥዬ ሄድኩ። ባመሰገንሽኝ ቁጥር ደብዳቤሽን አጥፌ ኪሴ ውስጥ እከተዋለሁ፤ ሁለቱ በሮች መሀል ቆሜ ልብስ ስቀይር ይወድቃል፣ አነሳዋለሁ።

ማኅተም ያለበትን ደብዳቤ አብሬ ልኬልሻለሁ። ከፈለግሽ ስጫት። እኔ አልከለክልሽም።

የአክስትሽ ልጅ


የካቲት 30 ቀን

ለአክስቴ ልጅ፣

ልብስ ሰፊዋ አሁን በከዘራ ነው የሚሄዱት። እብጠቱ ጎድሏል፤ ግን ከዘራውን ስለወደዱት አልተውትም፣ ሰው ይጠቁሙበታል። መንትዮቹ ጥርስ አወጡ፤ መጀመሪያ ያወጣው ሁለተኛውን ነከሰው። ትንሹ ልጅ ደወለ። ሦስት ደቂቃ አወራ አሉ፤ እሳቸው ሳምንት ሙሉ አወሩት።

ደብዳቤህ የደረሰኝ ጥር 9 ነው። ዛሬ ሃምሳ አንድ ቀን ሆነው። እየቆጠርክ እንደነበር አውቃለሁ።

ማኅተም ያለበትን አልሰጠኋትም። በማግስቱ ብልቃጧን ይዤ ኃላፊዋ ክፍል ገባሁና አሳዪኝ አልኳት። ምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም። እንዳልከው ነካች፣ ቀባች፣ ቀለም አፈሰሰች፤ ከዚያ ወንበሯን ለቀቀችልኝ። ይህን ሁሉ ዓመት ምግብ ሳበስልላቸው አንድ ቀን በዚያ ማይክሮስኮፕ አይቻቸው አላውቅም፤ ነይ እዪ ያለኝም የለም። ክብ ክብ ናቸው። አራት አራት እየሆኑ ተጣብቀዋል፣ ከአንድ መጋገሪያ እንደወጣ ዳቦ። የታይፎይዱን ደግሞ ከመጽሐፍ አሳየችኝ፤ የተሰባበረ ክብሪት ነው የሚመስለው። በዘር እንኳ አይገናኙም።

ከየት አመጣሽው አለችኝ። ከእጄ ነው አልኳት። ፊቴን አየችና፣ ማንንም ስለማይጎዳ ለተማሪዎች ማስተማሪያ ብለን እንመዝግበው፣ ይቆይልሽ አለች። አየህ፣ እኔ የለመንኩህን ሳልለምናት ፈቀደችልኝ። እምቢ አልኩ። የራሴን እጅ ምን ብዬ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ? ይኸው አብሮኝ ይዞራል።

ጓንትህን አድርጌ እኔው ድስቱ ውስጥ ከተትኳት፣ ክዳኑንም እኔው ጠመዘዝኩት። ሰዓቱን ቆጥሬ አወጣሁ። ብልቃጧን አጥቤ ከሌሎቹ ጋር ደረደርኳት፤ አሁን የትኛዋ እንደሆነች እኔም አላውቅም። የካቲት አንድ ቀን ግን እጄ ሳያስፈቅደኝ ሽቦውን አንስቶ አጋለው። ቆሜ እስኪቀዘቅዝ አየሁትና መልሼ ሰቀልኩት።

ስለ ሦስቱ ቀን። ይቅር ብዬሃለሁ ብዬ ሁለት ጊዜ ጻፍኩ፣ ሁለት ጊዜ ቀደድኩት። ውሸት ሆኖብኝ አይደለም፤ ቶሎ ሆኖብኝ ነው። አንተ አሥራ ስድስት ዓመት የተሸከምከውን እኔ በሃምሳ ቀን ላወርደው አልችልም፤ ታገሠኝ። አላመሰግንህም፣ እንዳልከው ትቼዋለሁ።

ከትናንት ወዲያ ልብስ ሰፊዋ በከዘራቸው በሩን እየመቱ መጡ። ምን ሆነሽ ነው ድምፅሽ የጠፋው፣ ከቀላቢነት ወደ መነኩሴነት ዞርሽ እንዴ አሉኝ። ደብዳቤህን አነበብኩላቸው፤ ለሌላ ሰው አላሳየሁም፣ አትፍራ። ስጨርስ፣ ልጅቷ የተናገረችውን መልሰሽ አንብቢልኝ አሉኝ። “አጎቴ፣ አያምም አይደል?” ብዬ አነበብኩላቸው። ያኔ ነው የገባኝ። ያን እንዳለች አላውቅም ነበር። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ በፊት የማውቀውን ስደጋግም ኖርኩ እንጂ፣ ከእሷ አዲስ ነገር ሰምቼ አላውቅም።

ከዚያ እንዲህ አሉኝ፣

“እና እሱ ምን ብሎ መለሰላት?”

አልጻፈውም አልኳቸው።

“ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ፣ ልጄ? ወንድምሽ አይደለም? ጠይቂዋ” አሉኝና ዓይናቸው አላይ ስላላቸው ክር እንዳስገባላቸው መርፌያቸውን ሰጡኝ።